መቅዳት ነውር አይደለም
የሰው መልክ መሣልን ከታላላቅ ሠዓሊዎች ስለ መማር

(በአማርኛ የሬድዮ ዝግጅት ለአሽቀሎን አድማጮች የቀረበ ንግግር)

በቅርቡ ወደ አገር ገብታችሁ በአሽቀሎንና በአካባቢዋ የተቀመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤት ብድር ወይም ስለ ሥራ ፍለጋ አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሥዕል ነው። ይኸውም አንድ ጀማሪ በዘይት ቀለም የሰው መልክ መሣልን እንዴት ሊማር እንደሚችል፣ ለዚህም የጥንት ታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ መቅዳት ምን እንደሚጠቅም ነው። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ዕብራይስጡ ገና ሳይገባን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ሳይለምዱ፣ ሥዕል ምን ያደርግልናል?" የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ከገጠር የመጣችሁ ናችሁ። አያቶቻችሁና ቅድመ አያቶቻችሁ አንድም ጊዜ ፎቶግራፍ ሳይነሡ አልፈዋል። መልካቸው ያለው በሚያውቋቸው ሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር ያሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በእርግጥ ዛሬ በየቤቱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ አለ። ነገር ግን በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሺህ ሌሎች ጋር ተደባልቆ ይቀራል፤ ስልኩ ሲሰበርም አብሮ ይጠፋል። በእጅ የተሣለ መልክ ግን በግድግዳ ላይ ይኖራል። ከዚህም በላይ አንድ የቤተሰቡ ልጅ ያንን ፊት ሳምንታት ሙሉ ተቀምጦ አጥንቶታል ማለት ነው። ይህ ለሽማግሌውም ለልጁም ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ለእጅ ሥራ ብዙ ዕብራይስጥ አያስፈልግም። በኡልፓን ክፍል አንደበቱ የተሳሰረ ሰው በሥዕል ሁግ ውስጥ ከማንም ጋር እኩል ነው። መምህሩ በጣቱ ያሳያል፣ ተማሪው በዓይኑ ይረዳል፤ ቋንቋውም እያደር በዚያው ይመጣል።

አሁን ወደ መቅዳት እንምጣ። በትምህርት ቤት "ቀዳ" የተባለ ልጅ ይቀጣል፤ የሌላውን ድካም ወስዷልና። በእጅ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ የሚሠሩት እናቶቻችን ጥበቡን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅቱ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የእናቷን ጀበና አይታ ጀበና ትሠራለች። የመጀመሪያው ይጣመማል፣ ሁለተኛው ይሰነጠቃል፣ አሥረኛው ይቆማል። የአንጥረኛም የሸማኔም ልጅ እንዲሁ ነው። በቋንቋችን "መቅዳት" የሚለው ቃል ውሃን ከምንጭ ለማምጣትም ያገለግላል። ከምንጭ የቀዳ ሰው ምንጩን አላደረቀም፤ የራሱን እንስራ ሞላ እንጂ።

ታላላቆቹ ሠዓሊዎችም ቢሆኑ የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከ500 ዓመት በፊት በኢጣሊያ አገር የሥነ ጥበብ ህዳሴ በሚባለው ዘመን ራፋኤል የሚባል ሠዓሊ ነበር። በ1483 ኡርቢኖ በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1520 ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። አባቱም ሠዓሊ ነበሩ። ራፋኤል በወጣትነቱ ፔሩጂኖ የተባለውን መምህር አሣሣል እየተከተለ ነበር የሚሠራው። ቫሳሪ የተባለው ጸሐፊ የሠዓሊዎችን ታሪክ በ1550 ሲያሳትም ራፋኤል የቀዳውን ከመምህሩ ሥራ መለየት ያስቸግር እንደነበር ጽፏል። ሆኖም ራፋኤል በመቅዳት አልቀረም፤ ከመምህሩ የሚበልጥ ሰው ሆነ።

የራፋኤልን ሥራ ደግሞ ሌሎች ቀዱት። ራፋኤል ወዳጁን ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔን በ1514 እና በ1515 መካከል ሥሎት ነበር። ይህ ሥዕል በ1639 በአምስተርዳም ከተማ በሐራጅ ሲሸጥ ሬምብራንት የሚባለው የሆላንድ ሠዓሊ እዚያ ተገኝቶ በችኮላ በወረቀት ላይ ነደፈው፤ የተሸጠበትንም ዋጋ፣ 3,500 ጊልደር፣ በዚያው ወረቀት ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት በ1640 ሬምብራንት የራሱን መልክ ሲሥል አቀማመጡን ከዚያ ሥዕል ወሰደ። ፊቱ ግን የራሱ ፊት ነው። ሩቤንስ የተባለውም ታላቅ ሠዓሊ ይህንኑ ሥዕል ቀድቶታል። ዛሬ ሥዕሉ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይገኛል። ሉቭር በ1793 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ሠዓሊዎች እየገቡ ይቀዳሉ። ሁለት ሕግ ግን አለባቸው። ቅጂው በመጠኑ ከዋናው ጋር እኩል አይሆንም፤ የዋናውም ሠዓሊ ፊርማ አይቀዳም። እንግዲህ መማርና ማታለል የሚለያዩት በዚህ ነው። እናንተም ቅጂ ስትሠሩ ከሸራው ጀርባ "ከራፋኤል የተቀዳ" ብላችሁ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ።

በትውልድ አገራችንም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ የተሣለ "ኵርዓተ ርእሱ" የሚባል ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር ነገሥታት ቤት ይጠበቅ ነበር። ሥዕሉ የክርስቲያኖች ነው፤ የእኛ የቤተ እስራኤል አምልኮ አይደለም። ነገር ግን የጎንደር ሠዓሊዎች ይህን አንድ ሥዕል ለብዙ ትውልድ እየቀዱ የየራሳቸውን አሣሣል እንዳዳበሩበት የታወቀ ነው። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከአፄ ቴዎድሮስ ቤት ወሰደው፤ ወደ ኢትዮጵያም አልተመለሰም። ዋናው ቢሄድም የሥዕሉ መልክ በቅጂዎቹ በአገሩ ቀርቷል። ኋላም አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ፣ አፈወርቅ ተክሌ በለንደን፣ አለ ፈለገሰላም በቺካጎ የዘይት ቀለምን ጥበብ ተምረው ተመልሰዋል። አለ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች "የሰው ምስል መሥራት በኦሪት አልተከለከለምን?" ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በመስጊዳችን ምስል እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። የምንናገረው በቤት ስለሚሰቀል የዘመድ መልክ እንጂ ስለሚሰገድለት ነገር አይደለም። ልቡ ያልረጋ ሰው ግን አስቀድሞ ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ። ለመማሪያ የምንመርጠው ሥዕልም የሃይማኖት ሥዕል ባይሆን ይሻላል። ስለዚህ የምንመክራችሁ ቀደም ብለን የጠቀስነውን የካስቲሊዮኔን መልክ ነው።

ሥዕሉ አንድ ጺማም ሰው ተቀምጦ ፊት ለፊት ሲያየን ያሳያል። ጥቁር ባርኔጣ ደፍቷል፣ ነጭ ሸሚዝና ግራጫ ፀጉራም ልብስ ለብሷል፤ ከኋላው ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ገላጣ ነው። ለጀማሪ የሚመቸውም በዚህ ነው። ደማቅ ቀለም የለበትም፤ ከጥቁር፣ ከነጭ፣ ከግራጫና ከአፈር ቀለም የተሠራ ነው። ጀማሪን የሚያደናግረው የቀለም ብዛት ነውና ጥቂት ቀለም ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው። ጥሩ ኅትመት ከመጻሕፍት ቤት መጽሐፍ ወይም ከሙዚየሙ የኢንተርኔት ገጽ ማግኘት ይቻላል።

አሁን ስለ ዕቃው እንናገር። ለዚህ ሥዕል አምስት ቱቦ ቀለም ይበቃል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ኦከር የሚባለው ቢጫ፣ ሲየና የሚባለው ቀይ ቡኒ፣ አምበር የሚባለው ጥቁር ቡኒ። እናቶች ሆይ፣ ከእነዚህ ሦስቱ አፈር ናቸው። ኦከር ቢጫ አፈር ነው። ሲየና የተባለው ቢጫማ አፈር በእሳት ሲጠበስ ይቀላል፤ "የተቃጠለ ሲየና" ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ሸክላ የተኮሰች ሴት ይህን ለማወቅ መምህር አያስፈልጋትም። ቀለሙን የሚያያይዘው ዘይት ደግሞ የተልባ ዘይት ነው። ለወጥ የሚገዛው ዘይት ለዚህ ሥራ አይመከርም። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፤ እንደ ቆዳም ይሆናል። ከዚህ ሌላ የተዘጋጀ ሸራ፣ ሦስት ወይም አራት ብሩሽ፣ ቀለም መቀላቀያ ጠፍጣፋ እንጨትና አሮጌ ጨርቅ ያስፈልጋል።

ሥራው እንዲህ ይሠራል። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 82፣ ወርዱ 67 ሴንቲ ሜትር ነው። እናንተ ግማሹን ያህል፣ ቁመቱ 40 ወርዱ 33 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ያዙ። ኅትመቱ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በላዩ ላይ በእርሳስ የ2 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች አስምሩ፤ በሸራው ላይ ደግሞ የ4 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች። ከዚያ አንዱን ካሬ ብቻ እያያችሁ በውስጡ ያለውን መስመር ወደ ሸራው ካሬ አዛውሩ። ዓይን ወይም አፍንጫ እየሣልን ነው ብላችሁ አታስቡ፤ መስመሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ ብቻ ተመልከቱ። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ አስጠግቶ ግንባርን ያሳጥራል። የሰው ዓይን ግን ከአናት እስከ አገጭ ባለው መካከል ላይ ነው። በእጃችሁ ለክታችሁ ብታዩት ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ አምበሩን በጥቂት ተርፔንታይን አቅጥኑና ጥላ ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀቡ። ብርሃን ያለበትን ባዶ ተዉት። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ብታዩ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋና ትልቁ ጥላና ትልቁ ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ የምትሠሩት እሱን ነው። ይህ ስስ ቀለም እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጠብቁ። ከዚያ ነጭ፣ ጥቁርና ኦከር እየቀላቀላችሁ ፊቱን ገንቡ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ። የታችኛው ቀለም ስስ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ይደርቅና ሥዕሉ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ሸክላ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው። ነጭ የበዛበት ቀለም ለመድረቅ አንድ ሳምንት ሊፈጅ ይችላልና አትቸኩሉ። የዓይን ነጩ እውነተኛ ነጭ እንዳልሆነ ታያላችሁ፤ ግራጫ ነው። ጺሙም አንድ በአንድ የተሣለ ፀጉር አይደለም፤ ጠርዙ በስሱ የሚጠፋ ጥላ ነው። እጆቹን ለመጨረሻ አቆዩአቸው፤ ከባድ ናቸው። ስሕተቱ አልታይ ሲላችሁ ሥዕሉን በመስተዋት ተመልከቱት፤ የተጣመመው ወዲያው ይታያል።

ውድ አድማጮቻችን፣ በቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ ይህን ማስጠንቀቂያ በጥሞና ስሙ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩት፤ ወይም ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ተርፔንታይን ሲሸት ራስ ያዞራል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከልጆችም አርቁት። ብሩሹን መጀመሪያ በወጥ ዘይት፣ ከዚያም በሳሙናና በሞቀ ውሃ ማጠብ ይቻላል። እርሳስ የሚባለው ማዕድን ያለበትን ነጭ ቀለም አትግዙ፤ መርዛማ ነው። ቲታኒየም ነጭ የሚባለውን ጠይቁ።

ቅጂው አልቆ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ትምህርቱ አላበቃም። እንዲያውም ዋናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ኅትመቱን አንሡትና በቦታው እናታችሁን ወይም አያታችሁን አስቀምጡ። አቀማመጡ ያው ይሁን፤ ሰውነት ወደ ጎን፣ ዓይን ወደ እኛ። ካሬ ማስመሩም፣ ጥላውን በቡኒ መጣሉም፣ ከስስ ወደ ወፍራም መሄዱም ያው ነው። የሚለወጠው የፊቱ ቀለም ነው።

በሱቅ "የቆዳ ቀለም" ተብሎ የሚሸጥ ሮዝ የመሰለ ቱቦ ልታዩ ትችላላችሁ። ለእኛ ፊት አይሆንም። የእኛ ቋንቋ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ መልክን ይለያል፤ እያንዳንዱም የተለየ ቅልቅል ይፈልጋል። ለጠይም ፊት የተቃጠለ ሲየናን ከኦከርና ከጥቂት አምበር ጋር ቀላቅሉ። ለጥላው ጥቁር ቀለም ከመጨመር አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ገዝታችሁ በአምበር ውስጥ ጠብታ ታህል ጨምሩ፤ ጥላው ሕይወት ያገኛል። ብርሃን ለማሳየት ነጭ ብቻ ብትጨምሩ ፊቱ አመድ የነፋበት ይመስላል። በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ግንባርና ጉንጭ የመስኮቱን ብርሃን መልሰው ያበራሉ፤ ብርሃኑ ከሰማይ ከመጣ ትንሽ ሰማያዊነት አለው። ይህን ከራፋኤል ቅጂ አትማሩትም፤ ከእናታችሁ ፊት ትማሩታላችሁ። ራፋኤል ያስተማራችሁ እንዴት እንደሚታይ ነው።

የተቀመጠውም ሰው ሥራ አለው። ሽማግሌ ሰው አንድ ሰዓት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይናገራል። ስለ ወንዙ፣ ስለ ሰንበቱ፣ ስለ ሱዳን መንገድ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ስላለፈው የጥበቃ ዓመት ይናገራል። ልጆቻችሁ እዚህ አገር ቶሎ ዕብራይስጥ ይለምዳሉ፤ ወላጅ በልጁ አስተርጓሚነት ወደ ቢሮ መሄድ ይጀምራል፤ አንዳንድ ጊዜም አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ መተያየት ይተዋሉ። ሥዕል ለመሣል ግን መተያየት ግድ ነው። ልጁ ብሩሹን ይዞ የአባቱን ፊት ካላየ ሥራው አይሄድም።

አሽቀሎን ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። ከኢየሩሳሌምና ከቴል አቪቭ ሙዚየሞች ብዙ አትርቅም። በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ሬምብራንት በ1631 የሣለው የአንድ ሽማግሌ እስረኛ ሥዕል አለ፤ ብርሃን ፊትን እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከልጆች ጋር ሄዳችሁ እዩት። በራሷ በአሽቀሎንም በ1930ዎቹ የተገኘ 1,700 ዓመት ያህል የሆነው የሮማውያን ዘመን መቃብር አለ፤ በግድግዳው የተሣሉት ሰዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ለሥራ ደግሞ በቤታችሁ በሰሜን በኩል ያለውን መስኮት ምረጡ። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ስታዞሩ ሰሜን በቀኝ እጃችሁ በኩል ነው። ከባሕሩ ወገን ከሰዓት በኋላ የሚገባው ፀሐይ በየደቂቃው ጥላውን ይለውጣል፤ የሰሜኑ ብርሃን ግን ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለወጥም። በየሠፈራችሁ ባለው ማትናስ ሄዳችሁ የሥዕል ሁግ እንዳለ፣ ለአዲስ ገቢዎችም ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ አሥር ቤተሰብ ሆናችሁ እንዲከፈት አመልክቱ።

ከልጆቻችን መካከል በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ኒሪት ታከለ በ1985 በኢትዮጵያ ተወልዳ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በልጅነቷ ወደዚህ መጣች። በሸንካር ኮሌጅ ሥነ ጥበብ ተምራ ዛሬ የማኅበረሰባችንን ሰዎች በትልልቅ ሸራ የምትሥል የታወቀች ሠዓሊ ናት። ሁሉም ልጅ ሠዓሊ ይሆናል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በየቤቱ አንድ እጅ ቢገኝ፣ በየቤቱ የአንድ ሽማግሌ መልክ ይተርፋል።

እንግዲህ ውድ አድማጮቻችን፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ በቤታችሁ ላሉት እማማ ወይም አባባ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ "የእርስዎን መልክ መሣል እስክችል ድረስ ይጠብቁኛል?" በሏቸው። ለመማር ጥቂት ወራት ይበቃል። እነሱን በጤና ያቆይልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ። ሻሎም፣ ለሂትራኦት።